ግልጽ ደብዳቤ ለልውውጥ ፕሮጀክት አዘጋጆች፦ የሚሄዱት ልጆች እንዴት ነው የሚመረጡት?

ለትምህርት ቤት ልውውጥ ፕሮጀክት ገንዘብ ለምትሰጡ መስሪያ ቤቶች፣ ፎርሙን ለምትሞሉ ርዕሳነ መምህራንና አስተባባሪዎች፣ ሻንጣ አዘጋጅታችሁ ልጅ ለምትሸኙ ወላጆችም ጭምር፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ይሄን የምጽፈው የልውውጥ ፕሮጀክት ጠልቼ አይደለም፣ እንደውም ልጆችን ሌላ አገር ወዳለ ትምህርት ቤት ወስዶ ከማያውቋቸው ልጆች ጋር አብሮ ማሰራት ትምህርት ቤት ከሚሰራቸው ጥሩ ስራዎች አንዱ ነው ብዬ የማምን መምህር ነኝ፣ ልጆች ይዤ ሄጃለሁ፣ የሌላ አገር ልጆችም ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል። ማመልከቻው ላይ "ዲሞክራሲያዊ እሴቶችን ማስረጽ" እና "አካታችነት" የሚሉት ቃላት የሌሉበት ገጽ የለም፣ ማን ይሂድ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ግን ዲሞክራሲውም አካታችነቱም የት እንደገቡ አይታወቅም፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሁለት ሶስት ሰው ቆሞ እያወራ የስም ዝርዝሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ዝርዝሩ ላይ እነማን እንዳሉ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የውጭ ቋንቋ የሚቀናት ጎበዝ ልጅ አለች፣ የክፍል አለቃው አለ፣ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢው ልጅ አለ (በአጋጣሚ ነው ይባላል)፣ ከዛ ባለፈው ዓመት የሄደው ልጅ ታናሽ እህት አለች፣ ምክንያቱም ቤተሰቡ "ልምድ አለው"። የሌሉትስ? ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣው ልጅ የለም። ከትምህርት በኋላ ታናናሾቹን የሚጠብቀው የለም። በዊልቸር የምትሄደዋ ልጅ ማመልከቻ እንኳን አልተሰጣትም፣ "ለሷው ብለን ነው፣ እዛ ትቸገራለች" ተብሎ። ተሰዶ የመጣው ልጅ ወረቀቱ ያስቸግራል ተብሎ ታልፏል። ከአስተማሪ ጋር የሚከራከረውማ ጭራሽ ስሙም አይነሳ፣ እሱ እኮ "ይሄ ህግ ለምን ወጣ?" ብሎ የሚጠይቅ የክፍሉ ብቸኛ ልጅ ሊሆን ይችላል።

የተመረጡት ልጆች ምንም ጥፋት የለባቸውም፣ ብዙዎቹ ጨዋና ጎበዝ ልጆች ናቸው። ግን አስቡት፣ አንድ ትምህርት ቤት ስድስት መቶ ልጅ ቢኖረውና ሃያው ቢሄድ አምስት መቶ ሰማንያው ከፕሮጀክቱ የሚያገኘው ትምህርት ምንድነው? ኮሪደር ላይ የሚለጠፈውን ፎቶ አይቶ ያልፈዋል። የማይረሳው ሌላ ነገር ነው፣ ጥሩ ጥሩው ነገር የሚወሰነው በር ተዘግቶ እንደሆነ፣ መስፈርቱ ምን እንደነበር እንደማይነገረው፣ ቢጠይቅም ምቀኛ እንደሚባል። እና ስለ ዲሞክራሲ በተጻፈ ፕሮጀክት ተገቢውን ትምህርት ተማረ ማለት ነው፣ በግልባጩ። ምርጫው ራሱ የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ትምህርት ነው ለማለት ነው ይሄን ሁሉ የምዘበዝበው፣ አውሮፕላኑ ሳይነሳ በፊት ትምህርቱ ተሰጥቷል፣ ተማሪው ሁሉም ልጅ ነው።

ይሄ የልውውጥ ነገር ከየት እንደመጣም ማስታወስ ደግ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ነገሩ እንዲሁ አገር ለማየት ተብሎ የመጣ አይደለም። ኤኤፍኤስ የሚባለው ድርጅት በ1915 ሲጀመር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኛ በአምቡላንስ የሚያመላልሱ በጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነበር፣ በሁለተኛውም ጦርነት ያንኑ ሰራ፣ ከዛ በኋላ ነው በ1947 ወደ ተማሪ ልውውጥ የዞረው። ፈረንሳይና ጀርመን ከ1870 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ሶስቴ ተዋግተው፣ በ1963 የኤሊዜ የሚባለውን የወዳጅነት ስምምነት ሲፈራረሙ በዛው ዓመት የጋራ የወጣቶች ቢሮ አቋቋሙ፣ እስካሁን ከ9 ሚሊየን በላይ ወጣት በዛ ቢሮ በኩል ተገናኝቷል። የአውሮፓ ህብረት የልውውጥ ፕሮግራም የሆነው ኢራስመስ በ1987 በ11 አገሮችና በ3,244 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጀመረ፣ ዛሬ ኢራስመስ ፕላስ ሆኖ የትምህርት ቤት ልጆችንም ይዟል፣ ከ2021 እስከ 2027 ላለው ዙር ወደ 26 ቢሊየን ዩሮ ተመድቦለታል፣ ከአራቱ ዋና ትኩረቶቹም ሁለቱ አካታችነትና ብዝኃነት እንዲሁም በዲሞክራሲያዊ ህይወት መሳተፍ ናቸው። ገንዘቡም ቃሉም አለ ማለት ነው፣ ስለዚህ "አቅም የለንም" የሚለውን ለጊዜው እንተወው።

አሁን ብዙ ሰው ልቡ ውስጥ ያለ ሀሳብ አለ፣ ልጆቹ ብቻ ይገናኙ እንጂ ሌላው በራሱ ጊዜ ይመጣል የሚል። እንደዛ ቀላል አይደለም። ጎርደን ኦልፖርት የሚባል አሜሪካዊ የስነልቦና ምሁር ገና በ1954 ነው ይሄን የጻፈው፣ ሰዎች መገናኘታቸው ጭፍን ጥላቻን በደንብ እንዲቀንስ አራት ነገር ይፈልጋል ብሎ፦ በእኩል ደረጃ መገናኘት፣ የጋራ ግብ መኖር፣ ግቡን ለመምታት መተባበር፣ እና የበላይ የሆነው አካል ነገሩን ከልቡ መደገፉ። ከብዙ ዓመት በኋላ በ2006 ፔቲግሩና ትሮፕ የሚባሉ ተመራማሪዎች 515 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ መገናኘት አራቱ ነገሮች ባይሟሉም በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ ሲሟሉ ግን ውጤቱ እንደሚበረታ አገኙ። ጥሩ ዜና ነው በአጭሩ። ግን አንደኛውን ነገር እዩት፣ እኩል ደረጃ የሚለውን። እናንተ ከየትምህርት ቤቱ ያው አንድ አይነት ኑሮ ያላቸውን ልጆች መርጣችሁ ብታገናኙ እኩል ናቸው፣ እውነት ነው፣ ግን ድሮም አይጣሉም ነበር እኮ! ቤታቸው ይመሳሰላል፣ ስልካቸው ይመሳሰላል፣ የሚያዩት ቪዲዮ አንድ ነው። የሚለያዩት በፓስፖርት ቀለም ብቻ ነው።

ሌላም ሙከራ አለ፣ ያውም በዛው በ1954 የተሰራ። ሙዛፈር ሸሪፍ የሚባል የስነልቦና ምሁርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ወንድ ልጆችን ካምፕ ወስደው ለሁለት ከፈሏቸው፣ በውድድር አፋጇቸው፣ ልጆቹም እስኪደባደቡ ደረሱ። ከዛ አብረው ይብሉ አብረው ፊልም ይዩ ተባለ፣ ምንም አልተሻለም፣ ምግብ እስከመወራወር ነው የሄዱት። የተለወጠው የካምፑ ውሃ ተቋርጦ ሁለቱም ቡድን አብሮ ችግሩን ሲፈልግ፣ ምግብ የሚያመጣው መኪና ቆሞ ሁለቱም አንድ ገመድ ይዘው ሲጎትቱ ነው። (ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ ማንም አይፈቅድም፣ ልጆቹ እየተጠኑ መሆኑን አያውቁም ነበር፣ ችግሮቹንም የፈጠሩት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው፣ ሸሪፍን ላመሰግን አይደለም።) ይሄን ካነበብኩ ጀምሮ የልውውጥ ፕሮግራም ሰሌዳ ሳይ ዓይኔ የሚሄደው አንድ ነገር ላይ ነው፣ አብሮ መብላትና አብሮ ማየት ስንት ሰዓት ተሰጠው፣ አብሮ መጎተትስ ስንት ሰዓት። የመጀመሪያው ቀን አቀባበል፣ ሁለተኛው ቀን ሙዚየም፣ ሶስተኛው ቀን ከተማ ጉብኝት፣ አራተኛው ቀን የባህል ምሽት፣ አምስተኛው ቀን ሰርተፊኬትና ለቅሶ። ገመዱ የት አለ?

የባህል ምሽቱን ካነሳሁ አይቀር ልጨምርበት፣ ምክንያቱም አካታችነት ላይ በደንብ የሚያንሸራትት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ባንዲራ ያለበት ጠረጴዛ ጋ ይቆምና "አገሩን ይወክላል"። ወላጆቿ ከሌላ አገር የመጡባት ልጅ የትኛው ጠረጴዛ ጋ ትቁም? አገሩ ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ማህበረሰብ ልጅስ፣ የኔ የሚለው ነገር ጠረጴዛው ላይ ከሌለ? አንድ ጊዜ እንዲህ ያለች ልጅ ምሽቱን ሙሉ ሳህን ስትሰበስብ አይቻለሁ፣ ማንም አላስገደዳትም፣ መቆሚያ ስላጣች ነው። ምሽቱ ይቅር አልልም፣ ልጆች ይወዱታል፣ ግን ባንዲራው ይነሳና እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የሆነውን አንድ ነገር ይዞ ይምጣ፣ የአያቱ ይሁን የሰፈሩ ይሁን የጓደኞቹ እሱ ይወቅ።

ቋንቋም እንደዛው ነው። ፕሮጀክቱ በአንድ የጋራ ቋንቋ ነው የሚካሄደው፣ ሌላ አማራጭም የለም ብዙ ጊዜ፣ ግን ቋንቋው የሚቀናው ልጅ በአንድ ቀን መሪ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ሌላው ደሞ ሀሳብ ቢኖረውም ዝም ይላል፣ እኛም "ዓይናፋር ነው" ብለን እንጽፋለን። ስራው ራሱ ሲለወጥ ግን ሌላ ነው። ካርታ መስራት፣ የትምህርት ቤቱን ግቢ በዊልቸርና ዓይን ሸፍኖ እየዞሩ የት የት እንደማያሳልፍ መመዝገብ፣ አጭር ፊልም መቅረጽ፣ ያለቃል ቲያትር፣ እንዲህ ያለ ስራ ላይ አፍ ያለው ብቻ አይደለም የሚነግሰው። ኤሊዮት አሮንሰን የሚባል የስነልቦና ምሁር በ1971 ኦስቲን ቴክሳስ ውስጥ የሞከረውን ነገር ደሞ ብዙ መምህር ያውቀዋል፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው ሲጣሉ፣ ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ አንድ ቁራጭ ሰጠ፣ ሌላው የቡድኑ አባል ያንን ቁራጭ ከዛ ልጅ ካልሰማ የትም አያገኘውም። ዝም የሚለውን ልጅ ማዳመጥ በትህትና መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆነ፣ ፈተናው አለ እኮ። ይሄን የልውውጥ ሳምንት ላይ ማድረግ የሚያስወጣው ብር የለም፣ የአስተባባሪው የዝግጅት ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ምርጫው ልመለስና ስለ ቤት ላውራ። ብዙ ልውውጥ ላይ ያልተጻፈ ወይ የተጻፈ ህግ አለ፣ ልጁ የሚሄድ ቤተሰብ በተራው ልጅ ይቀበላል የሚል። ሲሰሙት ፍትሃዊ ነው። ግን አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ ይሄን ሲሰማ ልጁን "ዘንድሮ ይቅርብህ" ነው የሚለው፣ ልጁም አስተማሪው ጋ መጥቶ "አልፈልግም" ይላል፣ እኛም ፍላጎት የለውም ብለን እንመዘግባለን። ማንም ድሃ አይገባም ብሎ አልጻፈም፣ ህጉ ግን ስራውን ሰራ። መፍትሄው እኮ ከባድ አይደለም፣ እንግዶቹ ሁሉ አንድ ማረፊያ ይደሩና ከሰዓት በኋላውን ብቻ ከቤተሰብ ጋር ያሳልፉ፣ ወይ ሁለት ቤተሰብ ተጋግዞ አንድ ልጅ ይቀበል፣ አንዱ ጋ ይደር ሌላው ጋ ይዋል። የኪስ ገንዘብም ጣሪያ ይኑረው፣ ለሁሉም እኩል። አንዱ ልጅ በየሱቁ ሲገባ ሌላው ውጪ ቆሞ ስልኩን እንደሚያይ ያስመሰለበትን ከሰዓት ያየ አስተባባሪ ይሄን ለምን እንደምል ይገባዋል።

አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች በተመለከተ ደሞ ሰበቡ ሁሌ አንድ ነው፣ ለነሱ አዝነን ነው። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2006 ሲጸድቅ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት የጻፈው በማዘን አይደለም፣ መብት ብሎ ነው። ኢራስመስ ፕላስ ላይ ለምሳሌ ዕድላቸው አናሳ ለሆነ ተሳታፊዎች ለሚመጣ ተጨማሪ ወጪ፣ የሚያግዛቸውን ሰው ጨምሮ፣ በትክክለኛው ወጪ ልክ መቶ በመቶ የሚሸፈንበት የበጀት መስመር አለ፣ ቀድሞ ሄዶ ቦታውን ማየትም ይቻላል። ግን ይሄ መስመር የሚጠቅመው ልጁ ቀድሞ ከታወቀ ነው። አሁን የሚሆነው ግልባጩ ነው፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ ማረፊያ ይያዛል፣ አውቶቡሱ ይከራያል፣ የጫካ ጉዞው ይታቀዳል፣ ከዛ "ያው እሷ አትችልም እንግዲህ" ይባላል። ቦታው ሳይያዝ መጠየቅ ነው። ጥያቄውም "ችግር አለብህ ወይ?" አይሁን፣ እንደዛ ከተጠየቀ ሁሉም ልጅ የለብኝም ይላል፤ "በደንብ እንድትሳተፍ ምን ይመቻችልህ?" ተብሎ ለሁሉም እኩል ይቅረብ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የምትፈልገውም፣ ሌሊት መብራት ካልበራ የማይተኛውም፣ መድኃኒት የሚወስደውም እዛው ላይ ይጽፋሉ።

እሺ፣ ልጆቹ ተመርጠው ደረሱ እንበል። እዛስ ማን ነው የሚወስነው? የህጻናት መብቶች ስምምነት ከ1989 ጀምሮ አንቀጽ 12 ላይ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሀሳቡን የመግለጽ፣ ሀሳቡም እንደ እድሜውና ብስለቱ ክብደት የማግኘት መብት አለው ይላል። ሮጀር ሃርት የሚባል ሰው በ1992 ለዩኒሴፍ በጻፈው ስራ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል አሳይቶታል፣ የታችኞቹን ሶስት ደረጃዎች ግን ጭራሽ ተሳትፎ አይደሉም ነው ያለው፦ ልጆችን ለትልቅ ሰው ዓላማ መጠቀም፣ ልጆችን እንደ ጌጥ ማቆም፣ ለይስሙላ ማናገር። አሁን በሞቴ የመጨረሻ ፕሮጀክታችሁን ፎቶ አውጡና እዩ። ተመሳሳይ ቲሸርት የለበሱ ልጆች፣ ትልቅ ሰው የጻፈው መፈክር ያለበት ፖስተር፣ አንዲት ልጅ ማይክ ይዛ አስተማሪዋ ያረመላትን ንግግር ስታነብ። ስንተኛው ደረጃ ላይ ነን?

ልጆች መወሰን አይችሉም የሚለኝ ካለ ፖርቱጋልን ይይ። ከ2017 ጀምሮ በመንግስት ትምህርት ቤቶች ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ተማሪዎች በቀጥታ የሚወስኑበት በጀት አለ፣ በተማሪ አንድ ዩሮ ይታሰባል፣ ትንሽ ትምህርት ቤት ቢሆንም ከ500 ዩሮ አያንስም፣ ልጆቹ ሀሳብ ያቀርባሉ፣ ፊርማ ያሰባስባሉ፣ ይቀሰቅሳሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ግን እውነተኛ ነው። ከዛም በፊት ያኑሽ ኮርቻክ የሚባል ፖላንዳዊ ሐኪም ዋርሶ ውስጥ ይመራው በነበረው፣ በ1912 በተከፈተው የህጻናት ማሳደጊያ ልጆቹ የራሳቸው ፍርድ ቤት ነበራቸው፣ አሳዳጊዎቹን ሳይቀር ይከሱበት ነበር፣ ኮርቻክ ራሱም ተከሶ ቀርቧል። ልውውጥ ላይ ይሄን ያህል እንኳን ባይሆን፣ ከፕሮጀክቱ ገንዘብ የተወሰነ ድርሻ ልጆቹ ድምፅ ሰጥተው የሚያወጡት ይሁን፣ ከሁለቱም ትምህርት ቤት ልጆች አንድ ላይ። የማትወዱትን ነገር ይመርጡ ይሆናል። ይምረጡ። የደህንነት ጉዳይ ካለ አስቀድማችሁ "ይሄና ይሄ አይቻልም፣ ምክንያቱም" ብላችሁ ጻፉት፣ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ "ርዕሰ መምህሩ አልወደዱትም" ማለት ግን ልጆቹን ምርጫ ቀልድ እንደሆነ ማስተማር ነው፣ ያውም በሁለት አገር በአንዴ።

አንድ ሁሌ የምትታለፍ ነገር አለች፣ ክርክር። ልጆች ይዘን ስንሄድ "አወዛጋቢ ነገር እንዳታነሱ" እንላለን፣ እኔም ገብቶኛል ለምን እንደምንል፣ እንግድነት ነው። ግን የአውሮፓ ምክር ቤት በ2018 ያወጣው የዲሞክራሲያዊ ባህል ብቃቶች ማዕቀፍ 20 ብቃቶችን ሲዘረዝር (3 እሴቶች፣ 6 አመለካከቶች፣ 8 ክህሎቶች፣ 3 የእውቀትና የመረዳት ነገሮች) ግጭትን መፍታትንም፣ ቁርጥ መልስ የሌለውን ነገር ችሎ መኖርንም አስገብቷል። ሁሉም ፈገግ ብሎ በሚስማማበት ሳምንት እነዚህ የት ይለመዳሉ? ልጆቹ እኮ ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ ስለ ሃይማኖት ስለ ጦርነት ስለ ስደተኛ ያወራሉ፣ ያለኛ። ቀን ላይ፣ አወያይ ባለበት፣ መሰዳደብ በማይቻልበት ስርዓት ቢያወሩት ይሻላል። ደሞ ሃያውንም ብቃት ማመልከቻ ላይ አትደርድሩ፣ ሁለት ሶስቱን ምረጡና እሱን በትክክል ስሩ።

ኦንላይን ልውውጥንም በንቀት አትዩት። ኢትዊኒንግ የሚባለው የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ፕሮግራም ከ2005 ጀምሮ ክፍሎችን በኢንተርኔት ሲያገናኝ ኖሯል፣ ሙሉ ክፍል ነው የሚሳተፈው፣ ሃያ ልጅ አይመርጥም። ቪዛ የተከለከለ ልጅ "አንተ በቪዲዮ ግባ" ሲባል ግን እንደ ማጽናኛ ነው የሚሰማው፣ ልክም ነው፣ ማጽናኛ ነዋ። ፕሮጀክቱ ሲነደፍ ከመጀመሪያው ግማሹ ስራ በኦንላይን ሁሉም ልጅ በሚገባበት መንገድ ይሁንና የሚሄዱት ልጆች የቀሩት ያዘጋጁትን ስራ ይዘው ይሂዱ፣ ጥያቄያቸውን ይዘው ይሂዱ፣ መልስ ይዘው ይምጡ። ያኔ ነው "ተወካይ" የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው፣ አሁን ተወካይ የምንላቸው ልጆች ማንም አልወከላቸውም።

እንግዲህ ምርጫው እንዴት ይሁን ለሚለው ሀሳቤን ልንገራችሁ፣ ከዚህ የተሻለ ካላችሁ አምጡ። መስፈርቱን ከየክፍሉ የተውጣጡ ልጆች ከመምህራን ጋር ያርቅቁት፣ ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ዝቅተኛው መስፈርት በእውነት ዝቅተኛ ይሁን፣ ፍላጎትና የዝግጅት ስብሰባ ላይ መገኘት ይበቃል። የተወሰነ ቦታ እስከዛሬ ዕድል ላላገኙ ልጆች ይያዝ። የቀረው በዕጣ ይሁን፣ ልጆች ፊት የሚወጣ ዕጣ። ያልደረሰው ልጅ ለምን እንዳልደረሰው ማየት ይችላል፣ ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ ይኑር፣ ኮሚቴው ውስጥም ተማሪ ይኑርበት።

ዕጣ ስል የሚቆጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ዕጣ ለዲሞክራሲ ባዕድ አይደለም፣ ጥንት አቴናውያን 500 አባላት ያሉትን ምክር ቤታቸውን በዕጣ ነበር የሚሞሉት (ሴቶችንና ባሪያዎችን አውጥተው፣ አካታችነቱ ላይ እነሱም ወድቀዋል)። "የሚረብሽ ልጅ ቢደርሰውስ?" ትላላችሁ። ይድረሰው። አብሮት የሚሄደው መምህር ምን ሊሰራ ነው የሚሄደው ታዲያ? በዛ ላይ በየትም አገር ብትሄዱ የተመረጡት ጨዋ ልጆችም ሶስተኛው ሌሊት ላይ መረበሻቸው አይቀርም። "ጎበዙ ልጅ ምን ይበል?" ለሚለውም፣ ልውውጡ ለውጤት የሚሰጥ ሽልማት ከሆነ ሽልማት በሉትና በሽልማት በጀት ስሩት፣ ማንም አይከለክላችሁም። በዲሞክራሲና በአካታችነት ስም የመጣን ገንዘብ ግን ለደረጃ ተማሪዎች ሽርሽር ማዋል ትክክል አይደለም፣ እኔ ሌላ ስም አላውቅለትም።

ገንዘብ ለምትሰጡት መስሪያ ቤቶች ደሞ ለይቼ የምጠይቃችሁ አለ። ማመልከቻ ላይ "አካታችነትን እንዴት ታረጋግጣላችሁ?" ብላችሁ ስትጠይቁ የምታገኙት ያማረ አንቀጽ ነው፣ አሁን አሁን እሱንም ኮምፒውተር ይጽፈዋል። በሱ ፈንታ የምርጫውን መስፈርት ራሱን እንደተለጠፈው አምጡ በሉ፣ ስንት ልጅ አመልክቶ ስንቱ እንደሄደ ጠይቁ፣ ያልሄዱት ምን እንደሰሩ ጠይቁ። መጠይቁም በመጨረሻው ቀን አይሞላ፣ ያን ቀን ልጁ ሁሉ እየተቃቀፈ እያለቀሰ ነው፣ የሚሞላው አምስት ኮከብ ነው፣ ምን ልትማሩበት ነው? ከስድስት ወር በኋላ ጠይቁ፣ ለሄዱትም ለቀሩትም አንድ አይነት ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ አሁን የምትወስኑት፣ በፊት የማትወስኑት ነገር ምን አለ? መልሱ ምንም ከሆነ የሚቀጥለው ገንዘብ ከመለቀቁ በፊት ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ።

ወላጆች ደሞ ልጃችሁ ሲመረጥ ደስ ይበላችሁ፣ ግን "መስፈርቱ ምን ነበር?" ብላችሁ እናንተም ጠይቁ፣ ያልደረሰው ልጅ ወላጅ ሲጠይቅ ቅናት ይባላል፣ የደረሰው ሲጠይቅ ግን መልስ ለመስጠት ይገደዳሉ።

መልስ ያለው ወይ የማይስማማ ሰው በግልጽ ይጻፍልኝ፣ በተለይ ዕጣውን ሞክራችሁት ያልሰራላችሁ ካላችሁ የት ላይ እንደተበላሸ መስማት እፈልጋለሁ። የዘንድሮ ማመልከቻ ከመዘጋቱ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ልውውጥ ፕሮጀክት የሚያስተባብር አንድ መምህር